የጠባቡ በር መስታወት ያዥ

ባስታዊ ዓይኑ የጠፋው በየትኛው ዓመት እንደሆነ እሱም ቁርጡን አያውቀውም። እኔ ያወቅኩበትን ቀን ግን አልረሳውም። ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ነው፤ የሁለተኛውን መተላለፊያ አምፖሎች የቀየርኩ ዕለት።

ጠባቡ በር የምንለው መቃብር የጥንቶቹ ፈርዖኖች ከተቀበሩበት ከነገሥታቱ ሸለቆ ዳር፣ ገደሉ ሥር ገባ ብሎ ያለ ነው። ስማቸው የገነነውን ነገሥታት ለማየት የሚሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እዚህ አይደርስም። የሚመጣው ወይ ብዙ ያነበበ ሰው ነው፣ ወይ ሰልፍ የሰለቸው። መብራቱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ሲበላሽም የምጠግነው እኔው ነኝ። ባስታዊ በር ጠባቂው ነው። በዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱ መስጊድ ሄዶ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ በር ላይ ሻይ ጠጥተናል።

ያን ዕለት መስመሩን ከዋናው ማብሪያ አጥፍቼ መሰላል ላይ ወጥቻለሁ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የአምፖሉን ማቀፊያ በእጄ ዳብሼ መፍታት ስለምችል የእጅ ባትሪዬንም አላበራሁም። ባስታዊ ከታች፣ ከሬሳ ሣጥኑ ክፍል፣ ሽቅብ እየወጣ መጣ። እርምጃው እኩል ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። መሰላሉ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ቡሽራ፣ እስካሁን እላይ ነህ?»

«ሁለት ቀርቶኛል። አዲሱን መብራት እንዴት አየኸው?» አልኩት። ለቀልድ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ቆመን።

«ኧረ ቆንጆ ነው! የግድግዳው ቀለም እኮ ቁልጭ ብሎ ወጣ።»

ቀልዴን በቀልድ የመለሰልኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ባትሪዬን አበራሁና ፊቱ ላይ አደረግሁት። ዓይኑ እንደተከፈተ ወደ እኔ አቅንቷል፤ አልተርገበገበም።

«ባስታዊ» አልኩት፤ «መስመሩ እኮ ጠፍቷል።»

የመሰላሉን እግር ፈልጎ ያዘ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «ዊዳድ እስክትመጣ ብቻ።»

ዊዳድ ልጁ ናት። ባስታዊና ሹክሪያ ከተጋቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የተወለደች፣ ከእሷ በኋላም ሌላ ያልመጣ፣ አንድያ ልጅ። በእኛ መንደር ሰው ወይ ይቆፍራል፣ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ድንጋይ ጠርቦ ለጎብኚ ይሸጣል። አስጎብኚ ግን ሁልጊዜ ከከተማ ነው የሚመጣው፤ ቋንቋ ተምሮ፣ ፈቃዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ዊዳድ አምስተኛ ክፍል ሳለች በሩ ላይ አንዱ አስጎብኚ ሲያስረዳ ሰማችና «እኔም እንደዚህ እናገራለሁ» አለች። ባስታዊም «እንግዲያው ስትመጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ» አላት። እሷ ይህን ይዛ ሚንያ ዩኒቨርሲቲ ሄደች፤ አራት ዓመት ጣልያንኛና የጥንቱን ታሪክ ተማረች። እሱም ይህን ይዞ በሩ ላይ ቆየ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መቃብሩ ውስጥ አስጎብኚ አይናገርም። ትንፋሽ ግድግዳውን ያረጥበዋል፣ ወሬው ሰዉን እዚያው ያቆመዋል፤ ስለዚህ ደንቡ ውጭ አስረዳ፣ ሰዎቹ ብቻቸውን ይግቡ ይላል። አስጎብኚው ከበሩ ፊት፣ ዳሱ ጥላ ሥር ቆሞ ሁሉንም ይጨርሳል። እና አስጎብኚ የሚለውን ከማንም በላይ የሚሰማው በር ጠባቂው ነው። ባስታዊ የፈለገው ይህችን ነበር፦ ዊዳድ የመጀመሪያ ሰዎቿን ይዛ የመጣች ዕለት እዚያ በር ላይ፣ ሠራተኛ ሆኖ፣ ቆሞ መስማት። ዓይኑ መጥፋቱ ከታወቀ በማግስቱ ቤቱ ይቀመጣል። ዓይን የሌለው ሰው ምን ይጠብቃል?

«ከዚያ በኋላ ያባርሩኝ» አለኝ ያን ቀን፣ ሻያችንን ይዘን ውጭ እንደተቀመጥን። «ከዚያ በኋላ ራሴ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ፀሐይ ላይ ሲሆን ነጭ አንሶላ ፊቱ ላይ የተዘረጋ ያህል ይታየዋል፤ ቤት ውስጥና መቃብር ውስጥ ግን ምንም። አስዩጥ ከተማ ያለ ሐኪም ጊዜው አልፏል ብሎታል።

«ፀሐይ ትመለከት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለ ባስታዊ። «እኔ እንኳ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፣ የምትመለከተኝ እሷ ነበረች አልኩት።»

ይህ ቀልድ የሚገባው ሥራውን ላየ ነው። መብራት ከመግባቱ በፊት ጠባቡ በር የሚበራው በመስታወት ነበር። ባስታዊ አሥራ አንድ ዓመት መስታወት ያዥ ሆኖ ሠርቷል። መስታወቱ የቁም ሣጥን በር ነው፤ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ጀርባው ጣውላ የተመታ። መቃብሩ ወደ ሰሜን ስለሚከፈት ፀሐይ አትገባበትም። ስለዚህ ባስታዊ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ስምንት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቆማል። ፀሐይዋ ከገደሉ በላይ ፊቱ ላይ ናት። እዚያ መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ድንጋይ አለ። ግራ እግሩን ድንጋዩ ላይ ያወጣል፣ የመስታወቱን ታችኛ ጠርዝ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ የላዩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። በላይኛው ጠርዝና በደረቱ መካከል ጣቱን ያስገባል። ልኩ እሱ ነው። በጥር አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጣት። በሚያዝያ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ አንድ ጣት። ፀሐይ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትንሽ፣ ትንሽ። አንድ ጣት ከተሳሳተ ብርሃኑ በሠላሳ እርምጃ ላይ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ይስታል።

ሲያስተካክለው ብርሃኑ እንደ ወንዝ በመተላለፊያው ቁልቁል ይወርድና መጨረሻው ግድግዳ ላይ ያለችውን ባለ ክንፏን ሴት ያገኛታል። ክንፏን ግራና ቀኝ የዘረጋች አምላካቸው ናት፤ ቀለሟ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ብርሃኑ ክንፏ ላይ ሲያርፍ ጎብኚው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ «አህ!» ይላል።

«ጃፓኑም፣ ጀርመኑም፣ የእኛም ሰው ያው ነው» ይል ነበር ባስታዊ። «እሷን ከዚህ ሆኜ አላያትም፤ መድረሱን የማውቀው በዚያ ድምፅ ነው።»

መብራት እኔ አስገባሁ። መስታወቱ ቤት ሄደ፤ ባስታዊ ቁልፍ ያዘ።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አሥራ አራት ወር ደበቅን። በሩ ላይ ካለው ወንበር ጀምሮ እስከ ታች ክፍል ድረስ በጉልበት ከፍታ፣ ግድግዳ ሳልነካ፣ በብረት ዘንግ ላይ ገመድ ዘረጋሁ። መዝገቡ ላይ «ተጠባባቂ መስመር» ብዬ ጻፍኩት። በውስጡ ሽቦ የለም፤ የባስታዊ እጅ መሄጃ ነው። ቲኬቱን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ተበስቶ እንደሆነ ያውቃል። ጎብኚን በጫማው ድምፅ፣ የመንደሩን ሰው በሳሉ ይለያል። ተቆጣጣሪው ሂላል ሲመጣ፣ የተማረ አለቃ በእኛ ዘንድ ኡስታዝ ነውና፣ እኔ ከሩቅ «ኡስታዝ ሂላል፣ እንኳን ደህና መጣህ!» ብዬ ጮክ እላለሁ፤ ባስታዊ ይነሣል።

የሚያስቸግረው ቀናዊ የሚባለው ሰው ነበር፤ ከበሩ በታች የአልባስጥሮስ ድንጋይ ዕቃ የሚሸጠው ተረበኛ። አንድ ጠዋት ባስታዊ ባጠገቡ አልፎ ሰላም ሳይለው ቀረ።

«አጎት ባስታዊ! ዛሬ ደግሞ ሰላምታም በቲኬት ሆነ እንዴ?»

«ያንተን ፊት አይቼ ቀኔን ላበላሽ?» አለው ባስታዊ ሳይዞር።

ቀናዊ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

ዊዳድ ከሚንያ ተመልሳ ፈቃዷን እስክታገኝ ወንዙ ማዶ፣ ሉክሶር ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ነበረች። አንድ የጉዞ ቢሮ ስልክ ታነሣለች፤ ዓርብ ዓርብ በጀልባ ተሻግራ ለምሳ ትመጣለች። እንዳታውቅ ብሎ የከለከለው እሱ ነው። «ብነግራት ፈተናውን ትታ ከሐኪም ሐኪም ስታዞረኝ ትከርማለች። ለጠፋ ዓይን!» ሹክሪያም እሺ አለችው፤ ምን ታድርግ። ሊጡ ፀሐይ ላይ የሚነሣውን የፀሐይ ዳቦ በቀኙ፣ ሙሉኪያውን፣ የቅጠሉን ወጥ፣ ፊቱ ታደርጋለች።

«ባስታዊ፣ ወጡ ፊትህ ነው፣ ቃሪያው በግራህ።»

«እማዬ» ትላለች ዊዳድ፣ «አባዬን እንደ ሕፃን አደረግሽው እኮ!»

«አንቺን ለትምህርት ብሰድሽ፣ የማቀማጥለው ሰው አጣሁ።»

እሱም ፊቱን ወደ ድምጿ አዙሮ ይስቃል። አንድ ሁለቴ እኔም አብሬ በልቻለሁ። ዓይኔን ከሳህኔ አላነሣም ነበር።

መስከረም ላይ የመቃብሩ ወለል እንዲሸፈን ታዘዘ። የጎብኚ ጫማ አቧራ ያስነሣል፣ አቧራው ሥዕሉ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከቲኬት መቁረጫው ጀምሮ እስከ ውስጥ ድረስ የጣውላ መሄጃ ተሠራ። ሽቦዬ ከሥሩ እንዲያልፍ ጣውላው ከመሬት አሥራ አራት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ይበቃ ነበር። ወደ ፊት ለጥገና እጅ እንዲገባ ብዬ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የምሠራው። የመስታወቱን ድንጋይ አልነካነውም። ጣውላውን በዙሪያው ቆርጠን አለፍነው፤ ጫፉ ብቻ ብቅ አለ። ባስታዊ በሁለተኛው ቀን መሄጃውን ለመደው። የእርምጃውን ቁጥር ከስልሳ አንድ ወደ ስልሳ አስተካከለና አበቃ።

የዊዳድ ፈቃድ በታኅሣሥ መጨረሻ ወጣ። በጥር ስምንት፣ አሥራ አንድ ጣልያኖች ይዛ እንደምትመጣ በስልክ ነገረችው። ጠዋት ሹክሪያ አዲሱን ጀለቢያውን አለበሰችው፤ ነጭ ሻሹን እሷው ጠመጠመችለት። በሩ ላይ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆመ፤ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«ተቀመጥ እንጂ፣ እስክትመጣ ትደክማለህ» አልኩት።

«ተቀምጬ ነው የምከፍትላት?»

አራት ሰዓት አካባቢ መጡ። ሂላልም አብሯት ነበር። ከመንደሩ የወጣች የመጀመሪያዋ አስጎብኚ ናት ተብሎ ሊያይ መጥቷል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ዊዳድ ሰዎቿን ዳሱ ሥር ሰበሰበችና ጀመረች። ጣልያንኛ አንችልም፤ የነገሥታትና የአማልክት ስም ግን በማንኛውም ቋንቋ ያው ነው። ባስታዊ በየስሙ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን ንጉሡ ጋ ናት። አሁን ጀልባው ጋ። አሁን ሚዛኑ ጋ። ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያን ፊቱን ባየሁ ጊዜ፣ በቃ፣ ሆነለት አልኩ በልቤ። ይህች ናት፣ አለቀ።

ዊዳድ ግን አልጨረሰችም። ለሾፌሩ ምልክት ሰጠች። ሾፌሩ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ከመኪናው አውጥቶ መጣ። ስትፈታው መስታወቱ ነው። ከእናቷ አልጋ ሥር፣ ባለፈው ዓርብ፣ ለማንም ሳትናገር ወስዳዋለች።

«አባዬ» አለች በእኛው ቋንቋ፤ «ይህ መቃብር ከመብራት በፊት በማን ይበራ እንደነበረ ነገርኳቸው። አንዴ ብቻ አሳያቸው። ኡስታዝ ሂላልን አስፈቅጃለሁ።»

ሂላል «አንድ ሁለት ደቂቃ ምንም አይደል» አለ እየሳቀ። «እኔም ስሰማው ነው እንጂ አይቼው አላውቅም።»

«ቡሽራ፣ መብራቱን ታጠፋልናለህ?» አለችኝ ዊዳድ።

ማብሪያው ተበላሽቷል ማለት እችል ነበር። ቁልፉ ቤት ቀርቷል ማለት እችል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአለቆች ምክንያት ስደረድር የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት አንድ ምክንያት አጣሁ። ባስታዊን አየሁት። እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ተቀብሏል፤ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል፣ የቆየ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው።

«አጥፋ» አለኝ። «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«አራት ተኩል ሊሆን ነው።»

«ሁለት ጣት» አለ ለራሱ።

አጠፋሁ። ጣልያኖቹ ገብተው የመጀመሪያው መተላለፊያ ውስጥ ግራና ቀኝ ቆሙ። ዊዳድ ደፉ ላይ ቆመች። ባስታዊ ድንጋዩን በእግሩ ጫፍ ፈልጎ አገኘው፤ ግራ እግሩን አወጣ፣ መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ ሁለት ጣቱን አስገባ። ፊቱን ወደ ፀሐይዋ ቀና አድርጎ ሙቀቷ ግንባሩ መሐል እስኪሆን ትንሽ ወደ ቀኝ ዞረ። አቋቋሙ እንደ ድሮው ነው፤ ትከሻው እንኳ አልጎበጠም። ብርሃኑ ተወርውሮ ገባ።

ገብቶ ጣውላው ላይ ወደቀ። ከደፉ አራት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ መሄጃው ላይ፣ ከሰዎቹ ጫማ መሐል። አንድ ሽማግሌ እግሩን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገ። ጥልቁ መተላለፊያ ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

ባስታዊ ጠበቀ። «አህ» የሚል አልነበረም። አንድ ሰው አሳለ። ጣልያኖቹ ወለሉን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የሚታየው ገና የሚመጣ መስሏቸው ይሆናል።

«ደረሰ?» አለ ባስታዊ። «ክንፏ ላይ ደረሰ?»

ዊዳድ ብርሃኑን አየች። አባቷን አየች፤ ፀሐይዋ ውስጥ ፍጥጥ ብሎ የማይርገበገበውን ዓይኑን። እጇ ወደ አፏ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። ስትረዳ እኔ አየኋት፤ ዓርብ ዓርብ የነበረው ምሳ ሁሉ አንድ በአንድ ሲመለስባት። ወጡ ፊትህ ነው። ቃሪያው በግራህ።

«አህ!» አለች ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ቀጥላም «ደረሰ፣ አባዬ። ክንፏ ላይ ነው።»

አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ጉዳዩ ሳይገባት አልቀረም፤ ማጨብጨብ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሉ። ባስታዊ መስታወቱን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ምስጋና ተቀበለ። እኔ መብራቱን አበራሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ሂላል ወደ ባስታዊ ጠጋ አለ። ምንም ሳይናገር፣ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ባስታዊ መስታወቱን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆሟል። ሂላል እጁን እንደዘረጋ ቆየ፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ እጁን አጠፈ።

«አጎት ባስታዊ» አለው በለሆሳስ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባስታዊ ከወገቡ ቁልፉን ፈታ።

«የመጀመሪያ ሰዎቿን አስገብታለች፣ አይደል? በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው እንካ።»

ሂላል ቁልፉን አልተቀበለም፤ እስከ ማታ ይዘውት ይቆዩ አለው። ሪፖርቱን ግን ጻፈ፤ ሥራው ነው። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤው መጣ።

ዊዳድ በሚቀጥለው ዓርብ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብም። ስለዚያ ቀን አላነሣችም። እሱም አላነሣም። ሹክሪያ እንደነገረችኝ አሁን ወጡ የት እንዳለ የምትነግረው ዊዳድ ናት። በልቶ ሲጨርስ እጁን ታስታጥበዋለች፣ ከዚያ ጓሮ ሄዳ ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

እኔ ልጠይቀው የሄድኩት በጥር መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቤቱ ደጃፍ ከጭቃ በተሠራው መደብ ላይ ተቀምጧል። የሚኖሩት አዲሱ መንደር ነው፤ የድሮው ቤታቸው ከመቃብሮቹ በላይ ስለነበረ ፈርሷል። ሻይ መጣ። ሹክሪያ እስክትገባ ጠበቀ።

«ቡሽራ፣ አንተ የመሣሪያ ሰው ነህ። ሁሉም ክንፏ ላይ ደረሰ ይሉኛል። የት ነው የወደቀው?»

ሻዬን አስቀመጥኩ።

«ተው እንግዲህ ባስታዊ።»

«እዚህ ቁጭ ብዬ ሌላ ሥራ የለኝም። እሱን ነው የማስበው። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እሱም የልጄ ድምፅ ነው። ልጄን አላውቃት መሰለህ? የት ነው የወደቀው?»

«ወለሉ ላይ። ከደፉ አራት እርምጃ ገባ ብሎ።»

«ወለሉ ላይ!» አለ። ፊቱ ጠቆረ። «አራት እርምጃ? ባለ ክንፏ ያለችው በሠላሳ ነው። ያን ያህል? እጄም ሞቷላ እንግዲህ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኑን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር።

«እጅህ አይደለም። ጣውላው ነው» አልኩት። «የቆምክበት ቦታ ከፍ ብሏል፤ ድንጋዩ ግን እንደነበረ ነው። ጉልበትህ ድሮ የሚታጠፈውን ያህል አልታጠፈም። ጉልበትህ ወደ ኋላ ሲቀር መስታወቱ ቀጥ አለ፤ ብርሃኑ ወረደ።»

«ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ጣውላው። ከፍታው።»

«አሥራ አራት ሴንቲሜትር። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ስምንት ይበቃ ነበር።»

ግራ እግሩን ያነሣል፣ ያወርዳል፤ አየር ላይ ይለካል። ከዚያ ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባና መስታወቱን ይዞ ወጣ።

«ጡብ አምጣ» አለኝ። «ድንጋዩ ድሮ ስንዝር ከአራት ጣት ነበር፤ ልክ እሱን አድርግልኝ።»

ሁለት ጡብና አንድ የጣውላ ቁራጭ አመጣሁ፤ በሜትሬ ለክቼ ደረደርኩ። የቤቱ ፊት ወደ ደቡብ ነው፤ መንገዱም ወደ እርሻው ቁልቁል ይወርዳል። ሠላሳ እርምጃ ቆጥሬ ወርጄ ቆምኩ። ሰዓቱን ጮክ ብዬ ነገርኩት። አራት ተኩል አልፏል።

«ፀሐይ ከዚያን ቀን ከፍ ብላለች» አለ። «አንድ ጣት ተኩል።»

እግሩን አወጣ። መስታወቱን አሳረፈ። ፊቱን ወደ ሙቀቱ አዞረ። ብርሃኑ መንገዱን እየላሰ መጣና ደረቴ ላይ ቆመ። ትንሽ ከፍ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የት ነው?»

«ደረቴ ላይ!»

«ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ?»

«ልክ ነው! ልክ ነው ባስታዊ!»

መስታወቱን አላወረደም። ብዙ ቆየ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም፤ ብርሃኑ እስኪያልፈኝ ድረስ፣ ፀሐይዋ ራሷ እስክታሸሸው ድረስ ቆምኩ። አንድ አህያ የሚነዳ ሰው በመሐላችን አልፎ «ምን ሆናችኋል እናንተ ሽማግሌዎች?» ብሎ ሄደ።

ሽቅብ ተመልሼ ስደርስ ጉንጩ ርሷል።

«ለዊዳድ አትነግራትም» አለ። «መዋሸቷን ማወቄን ከሰማች በዚያ ቃሏ ትጸጸታለች። እኔ እንዳመንኳት ይቅር።»

«እሺ።»

«በእግዚአብሔር?»

«በእግዚአብሔር።»

በዓመቱ፣ በሰኔ ሙቀት፣ ባስታዊ ሞተ። ሦስት ቀን ታምሞ ነው። ቁርአን ሲቀራለት ከውጭ፣ ከቀናዊ ጎን ተቀምጬ ነበር። ቀናዊ ሳይቀልድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የባስታዊ ዓይን መጥፋቱን ማንም ሳይነግረው ከእኔ ቀድሞ ያውቅ እንደነበረም ያን ቀን ነው የነገረኝ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ሥራ ሠራሁ። ጠባቡ በር ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ዙሪያ ያለውን ጣውላ አንድ ሰው በደንብ እንዲቆምበት አድርጌ ቆረጥኩት፤ መሬቱ እስኪታይ። መዝገቡ ላይ «የአየር ማስገቢያ» ብዬ ጻፍኩ። ሂላል አነበበው፣ ቀዳዳውን አየ፣ ፈረመ።

ዊዳድ አሁን ስመ ጥር አስጎብኚ ናት። ስለ መስታወቱ ለማንም አትናገርም። ባለፈው ጥር ሰዎቿን ካስገባች በኋላ ቀዳዳው ጋ መጥታ ቆመች።

«ይሄ ለምን ተቆረጠ?»

«ለአየር ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ከጣውላው ወርዳ መሬቱ ላይ ቆመች፤ ግራ እግሯን ድንጋዩ ላይ አወጣች፣ ጉልበቷን አየች፣ ወደ በሩ አየች። ቀጥሎ ጣውላው ላይ ተመልሳ እግሯን ድንጋዩ ላይ አደረገች፤ ጉልበቷን እንደገና አየች፤ ያን ያህል አልታጠፈም።

«ለአየር ነው?» አለችኝ ደግማ።

«ለአየር ነው።»

ሰዎቿ ከውስጥ መውጣት ጀመሩ። እግሯን ከድንጋዩ አላነሣችም።